ኩሬያችንን ማን ገፈፈው?

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሥራ ገብቼ ኩሬያችንን ሳየው... ራቁቱን ቀርቷል! ዓርብ ጥቁር ላስቲክ ለብሶ የተለየሁት ኩሬ ከአንድ ገደላማ ጥግ በቀር ቀይ አፈሩን ገልጦ ቁጭ ብሏል። ኧረ የሰው ያለህ!

ቆይ፣ ለማታውቁኝ ላስረዳ። የምሠራው ከሚዛን ከተማ ወጣ ብሎ በሸኮ መንገድ ባለ አንድ የማዕድን ሙከራ ጣቢያ ነው። ጥቁር አሸዋ እናጥባለን፤ ለስልክ፣ ለኤሌክትሪክ መኪና ምናምን የሚሆን ብርቅዬ ማዕድን ይወጣዋል። የሚቀረው እጣቢ ግን ኬሚካል አለበት፣ የትም አይደፋም። ስለዚህ ትልቅ ኩሬ ተቆፍሮ ወፍራም ላስቲክ ተነጠፈበት። ያ ላስቲክ ከሌለ እጣቢው ሰርጎ ወንዝ ይገባል። የኩሬው ተቆጣጣሪ ደግሞ... አዎ፣ እኔ ነኝ። የመጀመሪያው እጣቢ ሊለቀቅ የቀረው ሦስት ቀን ነበር።

እየሮጥኩ ዘበኛችን ጋ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰው ሲመጣ አላዩም?»

«አየሁ እንጂ! ወረፋ ያስያዝኳቸው እኔ አይደለሁ? ሊጣሉ ነበር እኮ።»

«እና ዝም አሉ?!»

«ጉድጓድ ውስጥ የተጣለ ነገር ነዋ፣ ልጄ። ደህና ዕቃ ማን ጉድጓድ ውስጥ ይከታል?»

ዞር ስል ከዘበኛ ቤቱ ጀርባ የእሳቸውም ቡና በላስቲካችን ላይ ተሰጥቷል። ልቆጣ ፈልጌ ሳቄ አመለጠኝ።

ሰፈራችን ከጣቢያው ትንሽ ወረድ ይላል። ወርጄ ሳይ... ጉድ ነው! የለቀማ ሰሞን አይደል? በየግቢው ቀይ ቡና ጥቁር ላስቲክ ላይ ተንጣሏል። አንዱ ቤት እንደውም ለዶሮዎቹ ጣሪያ ሠርቶበታል። እናቴ ግቢ ስደርስ እሷም ጀንፈል ቡናዋን እያገላበጠች ነው።

«እማዬ፣ ሰው ይሄን ሁሉ ላስቲክ ከየት አመጣው?»

«ካንቺ መሥሪያ ቤት ነዋ! ያመጣሽልኝን ቁራጭ አይተው ሲቀኑ፣ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሞልቷል አልኳቸው። ምነው፣ አጠፋሁ?»

ክው አልኩ። ለካ በፊት ከንጣፉ የተረፈ ቁራጭ አለቃዬን አስፈቅጄ የሰጠኋት እኔው ነኝ። ሌባ ፍለጋ ወጥቼ ራሴን ይዤ ልመለስ ነው!

ላስቲኩ ለምን እንደሚነጠፍ ነገርኳት። ማገላበጧን አቆመች።

«እና ላስቲኩ ባይኖር እጣቢው የት ይሄዳል?»

«ወንዝ።»

«የትኛው ወንዝ?»

«ይሄው እኛ የምንቀዳው፣ እማዬ።»

እጇን ከቡናው ላይ አራገፈች። ከዚያ ቀስ ብላ «ይሄን ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም?» አለችኝ።

ስለ ሥራ ዕድል ሁለት ጊዜ ሰፈሩን ሰብስበናል። ስለ ኩሬው ግን ማናችንም ትንፍሽ አላልንም፣ እኔም ጭምር። በጣም አፈርኩ።

እናቴ ነጠላዋን አገልድማ ወጣች። ከቤት ቤት እየዞረች «ውሃችሁን ነው የቆረጣችሁት!» ስትል እሰማለሁ። ከሰዓት በኋላ እናንተ... ሰው ላስቲኩን ጠቅልሎ በትከሻ፣ በራሱ፣ በባጃጅ ጭምር ዳገቱን ይወጣ ጀመር። ደግነቱ ኩሬውን ገና እጣቢ አልነካውም። ከአንዱ ጥቅልል ውስጥ የዶሮ እንቁላል ተገኘ፤ የዶሮዋ ባለቤት መጥታ ተረከበች። እንደዚያን ቀን ስቄ አላውቅም።

የጣቢያው የላስቲክ ባለሙያ የተቆራረጠውን ሁለት ቀን ሙሉ በሙቀት ሲበይድ ዋለ። ሐሙስ ጠዋት አለቃዬ «በሉ፣ እጣቢው ይለቀቅ» ሊል ሲል፣ እናቴና ስምንት ጎረቤቶቿ የኩሬው አፋፍ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ጨርሰናል እኮ፣ ይሂዱ» አላቸው።

«አንሄድም ልጄ» አለች እናቴ። «እኔ አዲስ ጀሪካን ስገዛ እንኳ መጀመሪያ ውሃ ሞልቼ አሳድረዋለሁ። እናንተ ይሄን ሁሉ መርዝ ሳትሞክሩ ልትሞሉበት ነው?»

አለቃዬ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ክር የለውም፣ ግን ምን ላድርግ?

«እሺ፣ ይሞከር» አለ በመጨረሻ። ንጹህ ውሃ ተሞላ።

ዓርብ ጠዋት ከሁላችንም ቀድማ የደረሰችው እናቴ ናት። ከኩሬው ግድብ ውጪ፣ በወንዙ በኩል፣ ጎንበስ ብላ አፈር እየዳሰሰች አገኘኋት። አፈሩ ርሷል። ኩሬው ያፈሳል! ባለሙያው ወርዶ ሲፈትሽ የተቀደደው ሰው የቆረጠው ቦታ አልነበረም፤ የተጠገነው ሁሉ ጠብ አላለም። ያፈሰሰው ገደል ስለሆነ ማንም ያልደረሰበት ጥግ ነው፣ እኛው ራሳችን መጀመሪያ ያነጠፍነው... እኔም አይቼ «ደህና ነው» ብዬ የፈረምኩበት።

ሰዉ ያንን ላስቲክ ባይገፍፍ ኖሮ ማን ይሞክረው ነበር? እጣቢው ሐሙስ ይለቀቃል፣ ዓርብ ወንዝ ይገባል፣ እናቴ ቅዳሜ ትቀዳዋለች። እቅፍ አድርጌያት እየሳቅኩ አለቀስኩ። እሷ «ልቀቂኝ፣ ቡናዬ መሬት ላይ ነው» ብላኝ ሄደች።

ኩሬው አሁን ተጠግኖ ሁለተኛ ሙከራ ላይ ነው። ነገ ሪፖርት አስገባለሁ፤ «የደረሰው ጉዳት» የሚለው ሳጥን ላይ ስርቆት ብዬ ልጻፍ ወይስ ፍተሻ?