ባዶ እጇን ያልመጣች እናት

እነዚያን ወራት ሳስባቸው ሁሉም ጠዋት ይመስሉኛል። ጂጂጋ በተከራየሁበት ግቢ በር ላይ የግመል ወተት የሚሸጡ ሴቶች ያወራሉ፤ እኔ ገና በግማሽ እንቅልፍ ውስጥ ነኝ፤ ከሶማልኛቸው የማውቃት ቃል አልፎ አልፎ ብልጭ ትልና ትጠፋለች። ከመሀል አገር ተመድቤ የመጣሁ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ነገር አራሚ ነኝ፤ ሰው ሲጨዋወት እንኳ ካላረምኩ አይሆንልኝም።

ይህን ጠባዬን የምታውቅ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከጓደኞቿ ጋር በተዋሱት ካሜራ ፊልም ልትሠራ ተነሣችና ታሪኩን እንድመለከትላት ጠየቀችኝ። ፊልሙ ሐርተሼክ የስደተኞች መጠለያ በነበረችበት ዘመን ስለተዳረች ልጅ ነው። ያቺ ልጅ አከራዬ ናቸው። እንደ ሰፈሩ ሰው ኤዶ፣ ማለትም አክስቴ፣ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። በኮረዳነታቸው ከእናታቸው ጋር ከድንበር ማዶ ሸሽተው መጥተው እዚሁ ቀሩ።

በወጋቸው ሴት ልጅ ስትዳር ጎጆዋን የሚሠሩላት ሴቶች ናቸው። እናት የግራር ልጥ እያኘከች ታለሰልሳለች፤ ከዚያ ሰሌን ትጎነጉናለች፤ ሰሌኑ የሙሽራዋን ጎጆ ያለብሳል። የኤዶ እናት ብዙ ጊዜ የደከሙበት ሰሌን ሲሸሹ እዚያው ቀረ። ኤዶ የተዳሩት የዕርዳታ ሸራ በለበሰች ጎጆ ውስጥ ነው፤ እናታቸውም ሌላ ሰሌን ሳይሠሩላቸው ሐርተሼክ ላይ ሞቱ።

እኔ ሸራው የዚያን ጊዜው ዓይነት ካልሆነ ብዬ ስጨቃጨቅ ከረምኩ። አንድ ጠዋት ኤዶ ጠሩኝ።

«መዓሊም» አሉኝ፤ አስተማሪን የሚጠሩት እንዲያ ነው። «በፊልሙ እናቴን ባዶ እጇን አታምጣት።»

«ኤዶ፣ የመጡት እኮ ባዶ እጃቸውን ነው።»

«እሱን እኔ አውቃለሁ። አንተ አታምጣት።»

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። ባለታሪኳ ራሳቸው ታሪኩን ከለወጡት እኔ ለማን ብዬ ነው የምጠብቀው? ዳይሬክተሯ ተማሪዬ ግን ስትሰማ ፊቷ በራ፤ የምንሠራው ፊልም እንጂ ፈተና አይደለም አለችኝ። ተሸነፍኩ።

ሰሌን ፍለጋ ገበያውን አዳረስነው። ያገኘነው አበባ የታተመበት የፕላስቲክ ምንጣፍ ብቻ ነው። እሱን እንቢ ያልኩት እኔው ነኝ፤ ውሸቱም ቢሆን በወጉ ይሠራ አልኩ። ኤዶ ሳቁብኝና ከገጠር ልጥ አስመጡ። ከጎረቤት ሴቶች ጋር ጥላው ሥር ተቀምጠው ያኝካሉ፣ ይጎነጉናሉ፣ ያዜማሉ። እኔም የተማሪ ወረቀት እያረምኩ በዜማቸው መሀል እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ሙያውን ከየት እንዳመጡት ስጠይቃቸው፣ እናታቸው ሲሠሩ አጠገባቸው ሆነው ልጥ ያቀብሉ እንደነበር ነገሩኝ።

የቀረጻው ቀን በሚኒባስ ቀብሪበያን አልፈን ሐርተሼክ ደረስን። ነፋሱ አቧራውን አንስቶ ሰማዩንና ሜዳውን አንድ አድርጎታል። እናትየውን ሆና የምትተውነው የኤዶ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ቁርጥ አያቷን ናት ይሏታል። ሰሌኑን ጠቅልላ፣ በጀርባዋ አዝላ፣ ጎንበስ ብላ ከአቧራው ውስጥ ወጣች። የማውቃትን ልጅ አላየሁም። ያየሁት ደክሟት የመጣች እናት ነው።

ኤዶ ከካሜራው ኋላ ከእኔ ጋር ቆመው ነበር። ድንገት ተራመዱ። ቀረጻው መሀል ገብተው ሸክሙን ከልጃቸው ጀርባ ተቀበሉና ቀስ አድርገው መሬት ላይ አሳረፉት። ልጅቷም የምታደርገው ሲጠፋት ፊታቸውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው። ዳይሬክተሯ ያንን አልቆረጠችውም። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ እናትየዋ በዕድሜ ከልጇ በብዙ ታንሳለች። እኔም አላረምኩትም።

ልጅቷ ዘንድሮ ተዳረች። ቤቷ የብሎኬት ነው፤ ሰሌኑ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሙሽራው ወገን የመጡ አንድ ሽማግሌ እየዳሰሱት ከየት እንደመጣ ጠየቁ።

ኤዶ፣ እናቴ ናት ይዛልኝ የመጣችው አሉ።

ሽማግሌው ሐርተሼክን ኖረውበታል። ሰው ነፍሱን ብቻ ይዞ በመጣበት ጊዜ ማን ሰሌን ተሸከመ ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ የታሪክ አስተማሪ መሆኔን ሰምተዋል። ኤዶ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

«ሐርተሼክ ላይ ተሸክመውት ሲመጡ» አልኩ፣ «በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሽማግሌው ዕድሜዬን ገመት አደረጉ። ከዚያ ሰሌኑን እንደገና ዳሰሱት።

«እናትሽ ባለሙያ ነበሩ» አሏቸው።