ሳጥን ውስጥ የከረመ መድኃኒት

ባለፈው ወር ሐኪሙ የአስም መድኃኒቴን ቀየረልኝ። ዛሬ የሁለተኛውን ወር ልወስድ ቡሬ መድኃኒት ቤት ቆሜ ሳለ፣ በርበሬ የጫነ ጋሪ በደጅ አለፈና ጉሮሮዬን ከረከረኝ።

"ይኼ የሚከላከል ነው፤ ደህና ቢሆኑም ጧት ማታ ይሳቡት" አለችኝ ባለሙያዋ።

በልጅነቴ ፍኖተ ሰላም ያለ ሐኪምም ለአባቴ ይህንኑ ነግሯቸው ነበር። እሺ ብለው ቤት ሲደርሱ መድኃኒቱን ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። "ደህና ሆነሽ መድኃኒት ማባከን ምንድን ነው? ጎተራና መድኃኒት ለክፉ ቀን ነው" አሉኝ።

ክፉው ቀን በርበሬ ግቢያችን ውስጥ በተሰጣበት ሰሞን መጣ። ትንፋሽ አጥሮኝ ስወድቅ፣ እናቴ ቁልፉን በመቀነቷ ቋጥራ ጅጋ ገበያ ሄዳ ነበር። አባቴ ሳጥኑን በመጥረቢያ ፈልጠው መድኃኒቱን አፌ ውስጥ ደጋግመው ነፉት። ቀድሞ የሚከላከል እንጂ ለዚያች ሰዓት የሚደርስ አልነበረምና ምንም አልፈየደም። በቃሬዛ ጅጋ፣ ከዚያም በመኪና ፍኖተ ሰላም ወስደውኝ ተረፍኩ።

አባቴ እስኪሞቱ ድረስ "ያ ሐኪም ባዶ ዕቃ ሰጠን" እንዳሉ ኖሩ። እኔም አንድም ቀን "አባዬ፣ የቆለፉት እርስዎ ነዎት" አላልኳቸውም።

"ያለፈው ወር መድኃኒት አለቀ?" አለችኝ ባለሙያዋ።

"አዎ" አልኳት። መድኃኒቱ ግን ከነላስቲኩ ቤቴ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።