እምቢ የማትል ማሽን

ቆቦ ያለችውን አሮጌ የብረት መቅረጫ ቶርኖዬን፣ ጭንቅላቷ እየተቀያየረ ዘንግ እንድትጠርብም፣ እንድትበሳም፣ የማርሽ ጥርስ እንድታወጣም አድርጌ ሠራኋት። ምነው እጄን በቆረጠው!

በገበያ ቀን አንድ የሮቢት ገበሬ የውኃ ፓምፑን ዘንግ አመጣ። ግማሽ ሳላደርስለት አንድ ሽማግሌ የተሰበረ ማርሽ ይዘው ገቡ። "ልጄ፣ ከጎብዬ ነው የመጣሁ፤ አንዴ ቀይራት" አሉኝ። ገበሬው ራሱ "ይቅደሙ አባባ" ብሎ ተነሣላቸው። የዘንጉን ጭንቅላት ፈትቼ የማርሹን ገጠምኩ። የሳቸው ሳያልቅ ደግሞ ከዋጃ ሌላ ሽማግሌ የሚበሳ ብረት ይዘው መጡ። እንደገና ፈታሁ። በተፈታች ቁጥር ልኳ ስለሚጠፋ፣ ሁሌ ከዜሮ ነው የምጀምረው።

ሲመሽ ያለቀ ዕቃ አንድም አልነበረም። ሁሉም መርቀውኝ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ማሽኗንስ ምን ብዬ ልውቀሳት? እምቢ ማለትን ከማን ትማረው?