የእኔንም ለኪልኝ

መጀመሪያ ያመማቸው ማጅራታቸውን ነው። ባለቤቴ መሪጌታ አምሳሉ ጠዋት ሲነሡ ማጅራታቸውን ይዘው መደብ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጆሯቸውም ይጮኽባቸዋል። ምች ነው አልን። ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣኋቸው፣ አላባቸው፣ ቀለላቸው። ስለቀለላቸውም ተታለልን።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቤታችን ጣና ዳር፣ ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት ነበር። ሁለቱ ልጆቻችን ለብሔራዊ ውትድርና ተወስደው እኛ ሁለት ሽማግሎች ቀርተናል። የሚያርስልን አጣን እንጂ የሚያበላን አላጣንም። መሪጌታ የማሕሌት መሪ ናቸውና ተዝካር ያለ እሳቸው አይወጣም። ጠላው ቀድሞ ለእሳቸው፣ አረቄው ቀድሞ ለእሳቸው። ጨው ያነሰው ወጥ ደግሞ የንፉግ ቤት ወጥ ይባላል።

«በቃኝ» ሲሉ የተዝካሩ ቤት እመቤት ጉርሻዋን ይዛ ትቆማለች።

«አፈር ስሆን! መሪጌታ፣ ንቀውኝ ነው?»

ይጎርሳሉ። ዕቃ ሊያነሡ ቢሉ «ምነው ሰው ጠፋ!» ተብለው ይነጠቃሉ። እርጅናን የምናከብረው እንዲህ ነው፤ እያስቀመጥንና እያጎረስን።

ራስ ምታቱ ሲብስ ባሕር ዳር ሄድን። ሐኪሙ ክንዳቸውን ጠቅልሎ ለካ። ደግሞ ለካ።

«የደም ግፊት ነው። ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን በመድኃኒት ይያዛል» አለ። ጨውና አረቄ እንዲተዉ፣ በእግራቸው እንዲንቀሳቀሱ፣ ሜቲልዶፓ የሚባለውን ክኒን ጠዋትና ማታ እንዲውጡ አዘዘ። «ቢሻልዎትም እንዳያቋርጡ» አላቸው።

አላቋረጡም። ፍልሰታ እስኪገባ ድረስ።

በጾሙ መጀመሪያ ቀን የጠዋቱን ክኒን ሳይውጡ ነጠላቸውን አጣፉ።

«ይዋጧት እንጂ» አልሁ።

«በውሃ ነው የምትዋጠው።»

«ቢሆንስ?»

«ሕዝቡን ጹም እያልሁ እኔ ቁርስ ልብላ?»

«ይህች ቁርስ ከሆነች፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ምድጃ ሥር በከንቱ ነዋ የተንበረከክሁ!»

ሳቁ። ግን አልዋጡም። የንስሐ አባታችንን ልጠይቅ ብል ተቆጡ። መሪጌታ ሆነው ለአንዲት ክኒን ፈቃድ መለመን አሳፈራቸው። ከዚያ ወዲያ የሚውጡት የማታውን ብቻ ሆነ።

ሱባዔው ከተጋመሰ በኋላ ነው። እኔ በሴቶች በኩል ቆሜአለሁ። እሳቸው ቅኔ ማሕሌት ውስጥ እያዜሙ በመቋሚያ ይዘምማሉ። ድምፃቸው ተቋረጠ። መቋሚያቸው ሲወድቅ ሰማሁ። ቀጥሎ እሳቸው ወደቁ። ስደርስ አፋቸው ተጣምሟል። ቀኝ እጅና እግራቸው አይታዘዝም። ሊጠሩኝ ፈለጉ። ስሜ አልወጣ አላቸው።

አንዱ ጠበል አለ፣ አንዱ ጀልባ አለ። ጠበሉንም አስረጨሁ፣ ጀልባውንም አስጠራሁ።

«ስትሮክ ነው» አለ ሐኪሙ። «አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሷል። ክኒኑን ይወስዱ ነበር?»

«ማታ ማታ» አልሁ።

በካርዳቸው ላይ ጻፈ።

ነርሷ የእሳቸውን ለክታ መሣሪያውን ልትጠቀልል ስትል ክንዴን ዘረጋሁ።

«የእኔንም ለኪልኝ።»

«እማማ፣ እርስዎም ያምዎታል?»

«አያመኝም። ግን የምንበላው ከአንድ ገበታ ነው። ጨው ባልና ሚስት አይለይም።»

«ካርድ የለዎትም እኮ።»

«ክንድ አለኝ።»

ሳቀችና ለካች። ሳቋ ቆመ። የእኔ ከእሳቸው ይበልጥ ነበር።

ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ ጠዋት ጠዋት በትከሻዬ ደግፌ በሐይቁ ዳር አስኬዳቸው ጀመር፤ ወጡንም ያለ ጨው በነጭ ሽንኩርትና በጤና አዳም እያጣፈጥሁ፣ ክኒናችንን ጎን ለጎን ተቀምጠን እየዋጥን፣ ቀስ በቀስ ቀኝ እግራቸው መሬት መርገጥ ቻለ። ድምፃቸው ግን እንደ ሄደ ቀረ። እሑድ ማሕሌቱ ከሩቅ ሲሰማ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ግራ እጃቸው ጉልበታቸውን እየመታ ዜማውን ይከተላል፤ ከአፋቸው የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።

ጠያቂው ሁሉ አረቄ ይዞ እየመጣ «አንቺማ ደኅና ነሽ፣ አስታምሚ» ይለኛል።

«እኔም ታማሚ ነኝ። አረቄውን መልሱና እንጨት ፍለጡልኝ።»

«ኧረ ተይ እቴ! ቆመሽ እየሄድሽ?» አለችኝ ጎረቤቴ።

«እሳቸውም የወደቁት ቆመው እየዘመሙ ነው።»

ክረምቱ ሲወጣ ሁለተኛው ስትሮክ መጣ። ክኒን አላጓደሉም ነበር። ግን የነቃነው ዘግይተን ነበር። ሌሊቱን አላደሩም።

ለተዝካራቸው ወጡን ጨው ሳላበዛ ሠራሁ። «ጨው የለውም!» ብለው አጉረመረሙ።

«የእናንተን ድርሻ መሪጌታ በልተውላችኋል» አልሁ። «አፈር ስሆን» እያለ ያጎረሳቸው ሁሉ ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ ይበላል፤ አፈር የሆኑት እሳቸው ብቻ ናቸው።

የንስሐ አባታችንን ያን ጊዜ ጠየቅሁ። «ለታመመ ሰው መድኃኒት ጾም አይሽርም። ምነው ቀድማችሁ በጠየቃችሁኝ» አሉኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ይህን የምጽፈው በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኋት ፊደል ነው፤ ያስተማሩኝን እግዚአብሔር ይስጣቸው። ለለካችኝ ነርስ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ካርድ የለሽም ብላ ብትመልሰኝ ይህን የሚነግራችሁ አይኖርም ነበር። ግፊት ያለባችሁ ሆይ፣ ጾም ሳይገባ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ ጥያቄ አያዋርድም። ሽማግሌ የምታከብሩ፣ «በቃኝ» ሲል እመኑት፣ ዱላውን አቀብሉት፣ ይሂድ። አንቺ አስታማሚ ደግሞ፣ ባልሽ ሲለካ አጠገቡ ቆመሽ አትመልከቺ። ክንድሽን ዘርጊ።

እኔ ዛሬም በፍልሰታ ጠዋት ክኒኔን ውጬ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። በቆምሁበት ሆኜ የእሳቸውን ድምፅ ስጠብቅ ማሕሌቱ ያልቃል።