«ደህና ነኝ» ካለች በኋላ

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ እናቴ ከሥራ ስትመለስ ገና ከአጥሩ በር ላይ ሆና «ቦንቱ! ቦንቱ! አልተነሳሁም!» እያለች ስትጣራ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ድንች እየላጥኩ ነበር። ቢላዋውን ጥዬ ስወጣ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ምንድን ነው? ማን ሞተ?» ትላለች። ማንም አልሞተም። እናቴ በሥራዋ እንደምትቀጥል፣ ያውም በተሻለ ቦታ እንደምትቀጥል፣ በይፋ ተነግሯት ነው።

ይህን ደስታ ብቻዬን መያዝ አቃተኝ። በቅርቡ የአማርኛ መምህራችን የጻፍኩትን ድርሰት ለክፍሉ አንብበው «አንቺ ልጅ፣ ጻፊ እንጂ» ስላሉኝ ከዚያ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል። እቤት የምናወራው በኦሮምኛ ስለሆነ አማርኛዬ አንዳንድ ቦታ ቢያነክስ እለፉኝ። አለቃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያወቅኩት በዚህ ገጠመኝ ነውና በሆዴ ብቻ እንዲቀር አልፈለግኩም።

ነገሩ የጀመረው ዘንድሮ ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን ነው። የምንኖረው ከአምቦ ወደ ጎጆ ከተማ በሚወጣው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ደጋ ከተማ ሲሆን እናቴ በጤና ጣቢያችን የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። በሽተኛ ሲመጣ ስሙን ትጠይቃለች፣ ካርዱን ከመደርደሪያ ፈልጋ ታወጣለች፣ ወዴት እንደሚሄድ ትነግረዋለች። አባቴ ገጠር ገብስ ያርሳል። እኔና ወንድሜ የምንማረው ግን በእናቴ ደሞዝ ነው።

ታዲያ በዚያ ሰሞን «ማሽን ሊመጣ ነው፤ የካርድ ክፍል ሰው ሊነሳ ነው» የሚል ወሬ ተነሳ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ነው ተባለ። በኦሮምኛም በአማርኛም ያናግራል፣ በሽተኛውን ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመዘግባል፣ ከዚያም «ድንገተኛ ነህ» ወይም «ተራህን ጠብቅ» ይላል። የመድኃኒት ክፍሉ ባለሙያ እናቴን ባገኛት ቁጥር «አዴ ጫልቱ፣ ምትክሽ መጣልሽ እኮ! ሻይ አይወጣ፣ ለቅሶ አይሄድ!» ይላታል። ለቀልድ ነው። እሷም አብራው ትስቃለች። ቤት ስትገባ ግን ያ ሳቅ አብሯት አይገባም።

ጠዋት ጠዋት ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ ትነሳ ጀመር። «እማ፣ አሞሻል?» ስላት «ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን» ትላለች። ማታም ያው ነው፤ «ደህና ነኝ»። እኔም አመንኳት። እናቴ ናት፤ ለምን አላምናት?

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር አያንቱ ይባላሉ። ከሸነን ተዛውረው የመጡት አምና ነው። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ስለሚል ሰው ሁሉ ለመስማት ጠጋ ይላል። ወሬው ሲበረታ ሠራተኛውን ሰበሰቡ። እናቴ እንደነገረችኝ፣ «ማን ይነሳል?» ተብለው ሲጠየቁ «ገና ከበላይ አልተነገረኝም። ያላወቅኩትን አላወራም» አሉ። ቀጥለውም «ማሽኑን በሽተኛ ላይ ከመሞከራችን በፊት ግን እኛው በሽተኛ እንሆናለን። ቅዳሜ ሁላችንም አግዳሚው ላይ እንቀመጣለን። እኔም ጭምር» አሉ።

አግዳሚው ማለት በረንዳው ላይ ያለው ረጅም የእንጨት ወንበር ነው። ጠዋት ጠዋት ውርጭ የሚወርድበት፣ በሽተኛ ሁሉ ተራውን የሚጠብቅበት። ሠራተኛው አጉረመረመ። «ቢሮ እያለን ብርድ ልንመታ ነው?» ያለም ነበር።

ቅዳሜ ለእናቴ ምሳዋን ይዤ ስሄድ ትዕይንቱ ደርቷል። እውነተኞቹ በሽተኞች በወዲያኛው በር እየታከሙ ነው፤ በወዲህኛው በረንዳ ግን ነርሱ፣ ላብራቶሪው፣ ጽዳቱ፣ ጥበቃው ሁሉ ተደርድሯል። ሲስተር አያንቱ ነጩን ገዋናቸውን አውልቀው ጋቢ ተከናንበዋል። አንድ ለገበያ የመጡ አባት ሳያውቋቸው «እስቲ ጠጋ በዪ እህቴ፣ አትንሰራፊ» ሲሏቸው ሲስተር «እሺ አባቴ» ብለው ተጠጉ። እኔ ሳቄን ለማፈን አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ማሽኑ መቆሚያ ላይ የተሰቀለ፣ የትሪ ያህል ስፋት ያለው ስክሪን ነው። ናሆም የሚባል ወጣት ባለሙያ ከአዲስ አበባ ይዞት መጥቷል። ትሑት ልጅ ነው፤ ብርዱ ግን አልራራለትም፤ እጁን ከኪሱ ማውጣት አልቻለም።

መጀመሪያ የጥበቃው ኦቦ ቶሌራ ቀረቡ። «እግሬ ተሰብሯል!» ብለው ጮኹ። ማሽኑ ወዲያው «ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ሰው እንዲደግፍዎት ይጠይቁ» አላቸው። ኦቦ ቶሌራ ደረታቸውን ነፍተው «አያችሁ? እኔን የሚሰማ ተገኘ!» እያሉ ሲሄዱ ሲስተር «ኦቦ ቶሌራ፣ በተሰበረው እግር ነው እንዲህ የሚንጎራደዱት?» አሏቸው። በረንዳው በሳቅ ተናጋ። እውነቱን ለመናገር ማሽኑን ወደድኩት። አይቆጣም፣ አይሰለችም፣ የተባለውን በቅጽበት ይጽፋል።

ቀጥሎ የእናቴ ተራ ሆነ።

ማሽኑ በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ?» አላት። እንዴት ነዎት ማለት ነው። እናቴ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ከወንበሯ ብድግ አለችና «ፋያ! ገለተ ዋቃ!» አለች። ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን ማለቷ ነው። በዚያ አላበቃችም። «አንተስ እንዴት ነህ? ቤተሰብ ሰላም ነው? ከብቱስ? ዝናቡ እንዴት አደረጋችሁ?» ብላ ጠየቀችው።

ማሽኑ «በመልካም ጤንነት ላይ በመሆንዎ ደስ ብሎኛል። እባክዎ መደበኛ ተራዎን ይጠብቁ» አለ።

«አዴ ጫልቱ፣ ስለ ከብቱ እኮ አልመለሰልሽም! ንፉግ ነው!» አለ የመድኃኒት ክፍሉ ሰውዬ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ናሆምም ማሽኑ በትክክል ስለሠራለት ፈገግ አለ። እናቴ ራሷ እየሳቀች ልትሄድ ስትል ሲስተር አያንቱ ብቻ ሳይስቁ ተነሱ።

«አዴ ጫልቱ፣ የሚያማችሁን ንገሩት ብያችሁ ነበር። ምን ልትዪው አሰብሽ?»

«ምንም የለም ሲስተር። ደህና ነኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «እሺ፣ ቀጣይ!» ይል ነበር። እሳቸው ግን አግዳሚው ላይ አጠገባቸው አስቀመጧት፤ እጇንም ያዙ። ከዚያም በዚያች ዝቅ ባለች ድምፃቸው «እሺ፣ ደህና ነሽ። አሁን ደግሞ ንገሪኝ» አሏት።

 እናቴ እጇን ወደ ሻሿ ሰደደች።

«ራሴ ሊፈነዳ ነው ሲስተር» አለች። «ሰሞኑን ዓይኔም ብዥ ይልብኛል። እንቅልፍም የለኝ።»

ወዲያው የደም ግፊቷን ለኩት። የነርሱ ፊት ሲለወጥ ምሳውን አስቀምጬ ጠጋ አልኩ። ግፊቷ ጣሪያ ነክቷል። ደግፈው ወስደው አስተኟት፤ መድኃኒት ሰጧት። ነርሱ «ዛሬ ባትናገሪ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና እኔን ሲያይ ዋጠው። ያልጨረሰውን ዐረፍተ ነገር እኔ በልቤ ጨረስኩትና አለቀስኩ። እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

እናቴ አልጋው ላይ ሆና «ልጆቼን ምን አደርጋቸዋለሁ እያልኩ ነው እኮ። ከሥራ ብነሳ ምን አበላቸዋለሁ?» አለች። ሲስተር አያንቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ያሉትን ቃል በቃል ነው የማስታውሰው፦ «ያላወቅኩትን አላወራም ማለቴ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። ለካ እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር እናንተን ፍርሃት እየዋጣችሁ ኖሯል። ይቅር በዪኝ።»

አለቃ የበታቹን ይቅርታ ሲጠይቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። እመኑኝ፣ አለቃው ሲያንስ አይደለም የሚታየው።

ከዚያ ወጥተው በረንዳው ላይ ለተሰበሰበው ሠራተኛ ተናገሩ። «ማሽኑ ሥራችንን ይቀይረዋል፤ አልዋሻችሁም። ማንም አይነሳም ብዬ ቃል ብገባም እዋሻለሁ፤ ውሳኔው በእጄ ብቻ አይደለም። ቃል የምገባው ይህን ነው፦ የምሰማውን በዕለቱ ትሰማላችሁ። ለእናንተም እሟገታለሁ።» ያ ሁሌ የሚቀልደው የመድኃኒት ክፍሉ ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ ነበር። በኋላ እናቴ ጋ ገብቶ «አዴ ጫልቱ፣ ቀልዴ ነው ያሳመመሽ» ሲላት «ሂድ ወዲያ፣ ቀልድህማ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰው አያሳምምም!» አለችው። ያኔ ነው መዳኗን ያመንኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ አገር ሰላምታ ሳይመለስ ስለ ሕመም ማውራት ነውር ነው። በቃሬዛ የመጣ ሰው እንኳ እንዴት ነህ ሲባል መጀመሪያ «ፋያ» ይላል። ከብቱም፣ ልጆቹም፣ ዝናቡም ሰላም ናቸው። ሕመሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሐኪሙም፣ ጥበቃውም፣ እኔም እናውቃለን። ናሆም እንኳ «የኔም እናት እኮ እንዲሁ ናት!» ብሎ ግንባሩን መታ። ሁላችንም አብረነው ስለኖርን ለማሽኑ መንገር ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

ናሆም እዚያው ቁጭ ብሎ የማሽኑን ጥያቄ ቀየረው። «ዛሬ ምን አመጣዎት?» እንዲል አደረገ። ቅድም «ጠጋ በዪ እህቴ» ያሉትን አባት እንዲሞክሩት ጋበዛቸው። እሳቸውም ለማሽኑ «ሰላም ነው ያመጣኝ፤ አንተን ምን አመጣህ?» አሉት። ሲስተር ሳቁና «በቃ፣ እሱ ይጻፍ፣ ሰው ይጠይቅ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሲስተር አያንቱ እያንዳንዱን ሠራተኛ «ከሥራሽ የትኛውን ትወጃለሽ? የትኛው ያማርርሻል?» እያሉ ጠየቁ። እናቴ «ካርድ ፍለጋ አቧራ መዋጥ አማርሮኛል። ሰውን ግን እወዳለሁ» አለች። ሲስተርም ይህን ሁሉ ይዘው ወደ በላይ አካል ተመላለሱ። አንዴ «አልሆነም» ብለው ተመለሱ፤ ያንንም በዕለቱ ለሠራተኛው ነገሩ። እናቴ ያን ቀን ከፍቷት ነበር የገባችው፤ ቢሆንም «እማ፣ አሞሻል?» ስላት ለመጀመሪያ ጊዜ «አዎ፣ ትንሽ ከፍቶኛል» አለችኝ። ሲስተር እንደገና ሄዱ።

ዓርብ ዕለት መልሱ መጣ። አቧራው ለማሽኑ፣ ሰው ለእናቴ ሆነ። ካርዱን ማሽኑ ይይዛል፤ እናቴ ደግሞ አግዳሚው አጠገብ ትቀመጥና ሰላምታውን ትቀበላለች፣ ከብቱን ትጠይቃለች፣ ከዚያ «አሁን ደግሞ ንገሩኝ» ትላለች። ከካርድ ክፍል የተነሳ ማንም የለም። ማሽኑን አሁን «ልጄ» ነው የምትለው። «ልጄ ጽሑፉ ያምራል፤ ከቦንቱ ይሻላል» ብላ ታናድደኛለች። የግፊት መድኃኒቷን ጠዋት ጠዋት የማስታውሳት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ሲስተር አያንቱን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «እናቴ እንዳመማት እንዴት አወቁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አላወቅኩም» አሉኝ። «ሁለተኛ ጠየቅኳት እንጂ።»

እስካሁን አለቃ ማለት ሁሉን የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳድግ ምን መሆን እንደምፈልግ ጠይቁኝ! ምን ዓይነት መሥሪያ ቤት እንደሚሆን ገና አላወቅኩም፤ ምን ዓይነት አለቃ እንደምሆን ግን አውቄዋለሁ።

ስንለያይ ሲስተር መልእክት ሰጡኝ። የአግዳሚው ቅዳሜ ከእንግዲህ በየወሩ ይቀጥላል፤ «አንቺ ትጽፊያለሽ አሉ፤ ማሽን ሊያስገቡ ላሰቡ አለቆች ሁሉ ኑ በያቸው» አሉኝ። እነሆ እያልኩ ነው። ከጊንጪም ሁኑ ከአምቦ፣ ወይም ከዚያ ማዶ፣ ኑ። የጎጆን መኪና ያዙና «ጤና ጣቢያው ጋ ወራጅ አለ» በሉ። ጋቢ አትርሱ፣ ይበርዳል። የክብር ወንበር የለንም፤ ጠጋ በሉ ከተባላችሁ ትጠጋላችሁ። እናቴ እንዴት ናችሁ ስትላችሁ ያለ ሐሳብ «ደህና ነን» በሉ። ሁለተኛ ትጠይቃችኋለች።