እስከ ኸሚስ ይድረስ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ለምለም ለምትባል ተማሪዬ ከቢሮ ስደውል ስልኩን ያነሱት አክስቷ ናቸው። ለምለም በሐምዳይት በኩል ወንዙን ተሻግራ ሱዳን የመጣች፣ አሁንም ከአክስቷ ጋር ካምፕ ውስጥ የምትኖር፣ እኔ በምሠራበት የገዳሪፍ ኮሌጅ በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዋን የያዘች ልጅ ናት። ዓመቱን ሙሉ ቢሮዬ እየመጣች በአንድ ጥያቄ ስትነዘንዘኝ ከርማለች። የኮሌጅ መምህርት ለመሆን ማስተርሷን በዚያው በባዮሎጂው ትቀጥል፣ ሥርዓተ ትምህርት ታጥና፣ ወይስ እንደ እኔ ወደ ትምህርት አስተዳደሩ ትግባ? ጦርነቱ የካርቱምን ዩኒቨርሲቲዎች ከበተነ ወዲህ ማማረጥ ቀርቷል፤ ሰው የተከፈተለትን በር ነው የሚገባው። እኔም ይህንኑ ነበር የምነግራት።

በዚህ ሳምንት አንዱ በር ተከፈተላት። ትምህርት ክፍሏ በረዳት መምህርነት ሊቀጥራት፣ እያስተማረች ማስተርሷን ያለ ክፍያ እንድትማር ሊፈቅድላት ተስማማ። ዋናውን ማስረጃ ይዛ እስከ ሐሙስ ካልቀረበች ግን ቦታው ለሚቀጥለው ሰው ያልፋል። መስመሩ ይንኮሻኮሻል፣ ድምፄ እየሄደ ይመለሳል፤ እኔም እየጮህኩ እንዲህ አልኩ፦

«ከገዳሪፍ ነው የምደውለው! ለለምለም ይንገሩልኝ፤ የረዳትነቱ ነገር ተሳክቷል፤ ወረቀቶቿን ይዛ እስከ ሐሙስ ትድረስ!»

«እሺ፣ እነግራታለሁ» አሉ አክስቷ።

«እስቲ ይድገሙልኝ» ልል አፌን ስከፍት መስመሩ ተቆረጠ። ደግሜ ብደውል አልገባ አለ። ተማሪዎቹ «መምህርት ድገሙልኝ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። መልእክት የተቀበለኝ ሰው ቃል በቃል ካልደገመልኝ አለቀውም፤ እነሱም ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ «እሺ፣ እነግረዋለሁ» ብዬ ስልክ የዘጋሁ ሰው ነኝ።

ያኔ የምንኖረው ዶካ ነበር። አባቴና እናቴ በረሃቡ ዘመን ከጎንደር በመተማ በኩል ወርደው እዚያው ቀሩ፤ እኔና ወንድሜ ሙሉጌታም እዚያው ተወለድን። በስድስት ዓመት ስለሚበልጠኝ አያ ሙሉ ነበር የምለው። አባቴ በቤቱ ውስጥ አንድ ሕግ ነበረው። «አረብኛችሁን እንደ ጫማችሁ በር ላይ አውልቁት» ይለናል። ከበር ውጭ እንደፈለግን፤ ከበር ወዲህ አማርኛ ብቻ። አያ ሙሉ ረስቶ «ወላሂ» ብሎ ወሬ ከጀመረ እናቴ ማማሰያዋን ታነሳበት ነበር። ይህ ሕግ ያኔ የሚያስቀን ሕግ ነበር።

አያ ሙሉ ገዳሪፍ ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲ፣ እኛ ጀሚዓ ከምንለው፣ በአፈር ጥናት ተመረቀ። አባቴ ልጁ በመማሩ የሚኮራውን ያህል ማሾፉንም አይተውም ነበር። «ዕድሜ ልኬን ዋልካ ከእግሬ ስፍቅ የኖርሁ ሰውዬ፣ ስለ ጭቃ ለማወቅ አራት ዓመት አላስፈለገኝም» ይላል። አያ ሙሉ ግን የሚፈልገው ጀሚዓ ቆሞ ማስተማር ነበር። አንድ ቀን ኪስራ የምንለውን የማሽላ ቂጣ በባሚያ መረቅ እየበላን፣ ጣቱን እያነሳና እያጠፈ መንገዱን አስረዳን። ዲግሪ ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ ረዳት መምህር ይኮናል፤ ረዳት መምህር የሆነ ማስተርሱን እዚያው ይማራል፤ ከዚያ ዶክትሬቱ ይከተላል። ካርቱም ሄዶ እንደ ውጭ አገር ሰው ከፍሎ መማር የማይታሰብ ነው። የቀሩት ሁለት በሮች ናቸው። አንዱ ጀሚዓው ነው፤ ያስተማሩት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ የስደተኛ ልጅም ቢሆን ረዳት አድርገው እንዲያስቀሩት ጥያቄ አቅርበውለታል። ያ ካልሆነ ድንበር ተሻግሮ ጎንደር መወዳደር ነው።

«ረዳትማ መኪና ላይም አለ» አለ አባቴ።

«የመምህር ረዳት ነው እኮ፣ አባዬ!»

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ከሁሉ በላይ ሳቅሁ።

በዚያው ሰሞን አቡ ዑመር የሚባል የሎሪ ባለቤት ደጃችንን ያንኳኳ ጀመር። ሎሪው ከዶካ ገላባት ይመላለሳል፤ የሚፈልገው ደግሞ ሙሳዒድ ነው። ዶካ ውስጥ ሙሳዒድ ማን እንደሆነ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ከሎሪው ኋላ ተንጠልጥሎ የሚሄደው፣ ጎማ ጭቃ ሲውጠው ወርዶ የሚቆፍረው፣ ኾር የምንለው የክረምት ወንዝ ሲሞላ ከመኪናው በፊት ውሃው ውስጥ ገብቶ ጥልቀቱን በወገቡ የሚለካው ሰው ነው። የአቡ ዑመር የቀድሞ ሙሳዒድ ባለፈው ኸሪፍ፣ በክረምቱ፣ ሊለካ ገብቶ አልወጣም። ሎሪው ዶካ ሲመለስ ጫማው ጋቢናው ውስጥ ነበር፤ ወደ ውሃው ሲገባ አውልቆ ያስቀመጠው። ጫማውን እኔም አይቼዋለሁ፤ አንደኛው ማሰሪያ አልነበረውም።

አቡ ዑመር አያ ሙሉን የፈለገው ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚጽፍና ኬላ ላይ ስለሚጠቅመው ነው። አባቴ በቁጣ መለሰው። «ልጄን ለጎርፍ መለኪያ አልሰጥም!» አለ። አያ ሙሉም አልፈለገም፤ ከጀሚዓው መልስ እስኪመጣ መፋዛ ወርዶ ሰሊጥ ሊያርም ሄደ። አቡ ዑመር ጭነት ሊያነሳ ገዳሪፍ ወጣ።

ስልኩ የተደወለው ማክሰኞ ቀን ነው። ሰፈሩ ውስጥ ስልክ ያለው የዑስማን ሱቅ ብቻ ስለነበር ዑስማን ጠርቶኝ እየሮጥኩ ደረስኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የሚያናግረኝ ሰው ድምፁ የቸኮለ ነው፤ ከገዳሪፍ እንደሚደውል ተናገረ፤ የሙሉጌታ እህት መሆኔን ጠየቀኝ፤ ከዚያ በአረብኛ እንዲህ አለኝ፦

«ለሙሉጌታ ንገሪው፤ የሙሳዒድነቱ ነገር አልቋል። አውራቁን ይዞ እስከ ኸሚስ ይድረስ፤ ካልመጣ ለሌላ ሰው ነው።»

ኸሚስ ሐሙስ ነው፤ አውራቅ ወረቀት ነው፤ ኬላ የሚያልፍ ሙሳዒድም ወረቀት ያስፈልገዋል። ገዳሪፍ ያለው አቡ ዑመር ነው። ሙሳዒድ የሚፈልገው አቡ ዑመር ነው። በዓይኔ ላይ የመጣው ያ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነው።

«ሓድር፣ እነግረዋለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት፤ በእሱ ሕግ መሠረት፣ አረብኛውን በር ላይ አውልቄ። «አቡ ዑመር አያ ሙሉን ከእኛ ተደብቆ አስማምቶታል መሰለኝ፤ እስከ ሐሙስ ይምጣ እያለ ነው» አልኩት። አባቴ የመቆፈሪያ እጀታ ይጠርብ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ጆሮሽ አልሰማም» አለኝ። «አፍሽም አይናገርም። ገባሽ፣ የኔ እናት?»

«ገባኝ አባዬ።»

ሐሙስ ሙሉ ቀን ዘነበ። የዶካ መንገድ ጥቁር ሊጥ ሆነ። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ቀኑ ሲያልፍ አየሁት፤ ሲመሽ «እፎይ» አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ ወንድሜን ያዳንኩት መስሎኝ።

አያ ሙሉ እሁድ ከመፋዛ ተመለሰ፤ እጁ በሰሊጥ ግንድ ተሰነጣጥቋል። ዕቃውን ሳያስቀምጥ ጠየቀኝ።

«እናኑ፣ ከጀሚዓ አልተደወለም?»

«ከጀሚዓ አልተደወለም» አልኩት። አባቴ ቀና ብሎ አየኝና ወደ እጀታው ተመለሰ። እኔ አልዋሸሁም ነበር፤ ከጀሚዓ አልተደወለም ብዬ አምን ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይንሸራተት ጀመር። የዑስማን ስልክ በመብረቅ ተበላሸ። የገዳሪፍ መንገድ ተዘጋ። አያ ሙሉ አሥር ቀን ጠበቀና ተስፋ ቆረጠ። «ኸላስ፣ በቃ፣ አልፈለጉኝም» አለ። እናቴ አረብኛውን ሰማች፤ ማማሰያዋን ግን አላነሳችም። የቀረው በር ጎንደር ነው፤ የጎንደሩ ምዝገባ ደግሞ ሊያልፍ ነው። በዚያ ጭቃ ወደ ገላባት ለመሄድ የሚደፍር አንድ ሎሪ ብቻ ነበር፤ አቡ ዑመርም ሙሳዒድ ካላገኘ አይነሳም።

አባቴ እንዳይሄድ ልጁን ለመነው። ቁጣ የለመደ ሰው ሲለምን ማየት ያስፈራል። «እስከ ገላባት ብቻ ነው፣ አባዬ፤ ከዚያ ወርጄ በእግሬ መተማ እሻገራለሁ» አለው አያ ሙሉ። ማስረጃዎቹን በፖስታ አድርጎ፣ በላስቲክ ሦስት ጊዜ ጠቅልሎ፣ ጋቢናው ውስጥ አስቀመጠ።

የተነሱት ጠዋት ነው። ሰማዩ በመተማ በኩል እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። አያ ሙሉ ከሎሪው ኋላ ተንጠልጥሎ ቁልቁል እያየኝ ሳቀ።

«እናኑ፣ እይኝማ! ሙሳዒድ እሆናለሁ ብዬ ስጠብቅ ይሄው ሙሳዒድ ሆንኩ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ረዳት መምህርም እኮ በጀሚዓ ሙሳዒድ ነው የሚባለው፤ ቃሉ አንድ ነው። አባዬ ስለማይወድ ነው እቤት በአማርኛ የማወራው።»

ማክሰኞ የሰማሁት ድምፅ እንደገና መጣብኝ፣ የቆርቆሮው ዝናብ ሳይቀር። እስከ ኸሚስ ይድረስ። ኸሚሱ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። አባቴ አጠገቤ ቆሟል። አሁን ብናገር የሁለቱንም ልብ እሰብራለሁ፣ ቦታው እንደሆነ ሄዷል፣ በሰላም ጎንደር ይግባ ብዬ አሰብኩ። አፌ ተሳስሮ ቀረ። ብናገር ግን ይወርድ ነበር፤ ሮጦ፣ በጭቃም ቢሆን በእግሩ፣ ገዳሪፍ ይሄድ ነበር። ሎሪው ጥሩምባውን ነፋና ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ የእኛ ሰዎች፤ ከአፍ ሳይወጣ ስለቀረው ግን ተረት አላስተማሩኝም።

አቡ ዑመር በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። በር ላይ ቆሞ የቀረበለትን ሻይ አልነካም። ኾሩ ሞልቶ ነበር፤ አያ ሙሉ ሊለካ ገባ፤ ማዶ ሲወጣ አይቶታል፤ እጁን አንስቶለታል፤ ከዚያ ዝናቡ ወረደና ማዶው ጠፋ። በማግስቱ ሎሪው ሲሻገር ማንም አልነበረም። «መዓሌሽ» እያለ፣ ይቅርታ እየጠየቀ፣ በላስቲክ የተጠቀለለውን ፖስታ ለአባቴ ዘረጋለት። ገላባት አስጠየቅን፤ መተማ አስጠየቅን፤ ጎንደር ዘመድ ላክን። ማስረጃውን ጥሎ ለሥራ የሚወዳደር ሰው እንደሌለ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ግን ጠየቅን።

መንገዱ ሲደርቅ ፖስታውን ይዤ ብቻዬን ጀሚዓ ሄድኩ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። ስሙን ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «ኸሚስ ዕለት ቢሮ እስኪዘጋ ጠብቀነዋል» አሉኝ። ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም። ያ ስልክ የአቡ ዑመር እንደነበር እንዳመነ፣ ሎሪ ባለፈ ቁጥር ከአልጋው ቀና እያለ ሞተ።

እኔም ተማርኩ፤ እዚሁ ሙሳዒድ ሆኜ ጀመርኩ፤ ማስተርሴንም በትምህርት አስተዳደር ሠራሁ። ለምለም ለምን እንደመረጥኩት ስትጠይቀኝ ስለ አመራርና ስለ ዕቅድ ብዙ አወራኋት። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ለሰዎች የሚደውለው ቢሮ ውስጥ መቀመጥ ፈልጌ ነው።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ለምለም አልመጣችም፤ ስልኩም ከጠዋት ጀምሮ አይገባም። እሷን እየጠበቅሁ ነው ይህን ስጽፍ የዋልኩት። ለአክስቷ ያልኳቸውንም ከላይ ቃል በቃል አስፍሬዋለሁ። አሁን ተመልሼ አነበብኩት። ስሜን አልተናገርኩም። ኮሌጅ አላልኩም። መምህር የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። «ከገዳሪፍ ነው፤ የረዳትነቱ ነገር ተሳክቷል፤ ወረቀቶቿን ይዛ ትድረስ» ነው ያልኩት። ካምፑ ውስጥ በየሳምንቱ ደላሎች ይመጣሉ፤ ሴት ልጆችን ለቤት ረዳትነት እያሉ፣ ወረቀታቸውን እየተቀበሉ፣ ወዴት እንደሚወስዷቸው አይታወቅም። ልጇን የምትወድ አክስት እንዲህ ያለ ስልክ ብትሰማ ምን ታደርጋለች? እኔ ያደረግሁትን ታደርጋለች።

ወደ ካምፑ የሚሄደው የመጨረሻ አውቶቡስ አልተነሳም ይሆናል። ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ፤ በዶካ በኩል ጠቁሯል፣ ዝናቡም ጀምሯል።