ቀይ ቁጥር የጻፍኩባቸው በሮች

እናቴ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። የሰው ቤት ነገር ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም። ስለዚህ በኢሕአዴግ ዘመን፣ ለክረምት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሶዶ ስመለስ፣ አንድ የልማት ድርጅት ለተማሪዎች የሚሰጠውን የሥራ ልምምድ ሳገኝ ፈነደቅኩ። እየዞርኩ እንድጠይቅ የሚፈቅድ ማኅተም ያለው ደብዳቤ በእጄ ገባ!

የተመደብኩት ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የጨረቃ ቤቶች መንደር ነው። ቤቶቹ ያለ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው። ድርጅቱ የውሃ ቦኖ የት እንደሚተክል እንዲወስን ቤቶቹን እቆጥራለሁ፣ ቤተሰቡን እመዘግባለሁ። የማየው ሁሉ ይገርመኝ ነበር። መሬቱ ለእግር እንኳን ሳይበቃ እንሰት የሚተክሉት ለምንድን ነው? «እንሰት ካለ ሰው አለ ይባላል» አሉኝ። እሱንም ጻፍኩ።

በሦስተኛው ቀን የቆጠርኩትን ቤት ደግሜ እንዳልቆጥር ዘዴ መጣልኝ። ከቢሮ ቀይ ቀለም አምጥቼ በየበሩ ላይ ቁጥር ጻፍኩ። እስከ ማታ አርባ ሁለት ደረስኩ። በየቀኑ የሚያጫውቱኝ ሰዎች ያን ቀን ዝም አሉኝ። ያን ክረምት ለምን ብዬ ሳልጠይቅ ያለፍኩት ያንን ዝምታ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የአርባ ሁለተኛው ቤት ጣሪያ ግማሹ የለም። ባለቤቲቱ፣ ባላቸው የሞተባቸው ጠና ያሉ ሴት፣ ግድግዳው ላይ ወጥተው ቆርቆሮ ይነቅላሉ፤ ሁለት ሴት ልጆቻቸው ከታች ይቀበላሉ።

«እትዬ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ዶዘር ሳይመጣ ቆርቆሮ ላውጣ እንጂ! ዶዘር ከነካው ለሌላ ቤት አይሆንም።»

ክው አልኩ። ለካ እዚያ መንደር በር ላይ ቀይ ቀለም የሚቀባው ቀበሌ ብቻ ነው፤ የሚቀባውም የሚፈርሰውን ቤት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል እንዲህ ነው። ስለ ቦኖው እያስረዳሁ፣ ደብዳቤዬን እያሳየሁ ቤታቸውን እንዳያፈርሱ ለመንኳቸው። በጣም አፍሬ ነበር።

ቀስ ብለው ወረዱና ደብዳቤውን አገላብጠው አዩት።

«እንግዲህ አይፈርስም በይና ጻፊልኝ።»

«እኔ የጻፍኩት ለውሃው ነው እንጂ…»

«አይፈርስም በይ ነው ያልኩሽ።»

አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ነገር ለመጻፍ እኔም ድርጅቱም ሥልጣን አልነበረንም። በጋዝ በነከርኩት ጨርቅ ቀለሙን መጀመሪያ ከእሳቸው በር ላይ ጠረግኩ፤ ከዚያ ቆርቆሮውን እያቀበልኩ ጣሪያውን መልሰን መምታት ጀመርን። ከሚስማሩ ግን ግማሹ ሳይመታ ልጆቻቸው እጅ ላይ ቀረ። ከስምንት ቀዳዳ በአራቱ ላይ ብቻ ነው የመቱት።

«እትዬ፣ ሚስማር እያለ ለምን ግማሹን ብቻ?»

«ሌላ ጊዜ ለመንቀል እንዳይከብደኝ» አሉኝ።

«ነፋስ ቢመጣስ?»

«ለነፋስ ድንጋይ እጭናለሁ።»